እርም ማውጣት ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ታላቅ ልጃቸው በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሶማሊያን ሊወጋ ወደ ምሥራቅ ግንባር ሄደ። አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራቸውም የለም። የመንዝ ባናው ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ክረምቱ ሲወጣ ብል እንዳይበላው ብለው አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ሰው «እንግዲህ እርምዎን ያውጡ» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ማን አረዳኝና?»

እርም ማለት ክልክል ነው። «እርሜ ነው» ያለ ሰው ያንን ነገር ዳግም አይነካም። እርም ማውጣት ደግሞ ለሞተ ሰው በወጉ አልቅሶ፣ ቁርጥን አውቆ መለየት ነው። ቃሉ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ገበያም ገብቷል። ያበደርከው ሰው ስልክ ማንሳት ሲያቆም ጓደኞችህ «በቃ፣ እርምህን አውጣ» ይሉሃል።

ብዙ ሰው እርም የሚወጣው ሬሳ ሲገኝ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በገጠሩ ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ሲቀር ልብሱና ፎቶው፣ ካለውም ጠመንጃው፣ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ሙሾ ይወርዳል፣ ደረት ይደቃል፣ አርባውም ተዝካሩም ይወጣል። ሬሳ ባይኖርም ይሆናል ማለት ነው። የማይሆነው መርዶ ከሌለ ነው።

የጠፋ ወታደር ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የሞተ መርዶ አለው። የተማረከም ቢሆን ወሬ ሊኖረው ይገባል። በ1949 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና የወታደር ቁጥሩን እንዲናገር ብቻ ያስገድደዋል። ማራኪው ደግሞ ለቤተሰቡ የምትላክ የምርኮኛ ካርድ እንዲሞላ ሊፈቅድለት ግድ ነው። ያቺ ካርድ ካልተሞላችስ? ልጁን የበላው ጅብ ሳይጮህ ይቀራል።

እናትየው የሚጠብቁት እንዲያው በሞኝነት አይደለም። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1980 ዓ.ም. ሲስማሙ፣ አሥር ዓመት ያለፋቸው ምርኮኞች ወደየቤታቸው ገብተዋል። በነሐሴ 1994 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራ 279 ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን በቀይ መስቀል በኩል ለቃለች። በግንቦት 1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ የተማረከው አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ግን አልመጣም። አንዱ ሲመጣ፣ ሌላው ሲቀር፣ ማን ደፍሮ ያለቅሳል?

ሕጉ መላ አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ የንብረቱም ነገር መልክ ይይዛል። ለሚስት ጠቃሚ ነው። ግን የፍርድ ቤት ወረቀት መርዶ ነጋሪ አይሆንም። በወረቀት ሙሾ ያወረደ ሰው አላየሁም።

ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ጦር ወታደሮች እስከ ዛሬ የሚኮሩት አንድም ምርኮኛ ባለማስያዛቸውና ሬሳ ጥለው ባለመምጣታቸው ነው። ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፣ እርሙ ግን ወጥቷል። ከዚያው ጦርነት አሜሪካኖች ከ7 ሺህ በላይ የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮች አሏቸው። በየትንንሽ ከተማቸው ለምርኮኞችና ለጠፉ ወታደሮች ድንጋይ ያቆማሉ፣ ጥቁር ባንዲራ ይሰቅላሉ። በወታደር ግብዣቸውም ማንም የማይቀመጥበት ጠረጴዛ ያዘጋጃሉ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ብርጭቆው ተደፍቷል፣ ሳህኑ ላይ ጨውና የሎሚ ቁራጭ አለ። እኔን የገረመኝ ወንበሩ ነው። የሞተ ሰው ወንበር አይያዝለትም። የሚያዝለት ይመጣል ለተባለ ነው።

እኛ ከተማ እንዲህ ያለ ድንጋይ ቢቆም ስምና የትውልድ ቀበሌ፣ የሄደበት ዓመትም ይጻፍበት እላለሁ። «በጀግንነት የተሠዋ» የሚለው ግን ይቅር። እሱን የጻፈ መርዶ ተናገረ ማለት ነው፣ በደንብ ሳያጣራ።

እኚያ እናት ይህን ከማናችንም በፊት ያውቁታል። ቄሱ በጸሎት እንዲያስቡላቸው ስም ሲሰጡ የባላቸውን ከሙታን ጋር ያስይዛሉ። የልጃቸውን ክርስትና ስም ግን ለብቻ፣ ከሕያዋን ጋር ነው የሚያስጽፉት። ቄሱም ለምን ብለው ጠይቀዋቸው አያውቁም።