ንጉሡና «የባላገሩ ልጅ»፦ ስለ ዐፄ በካፋና ስለ እቴጌ ምንትዋብ ተሳስተን የምንተርከው

ጎንደር ላይ የፍቅር ወሬ ከተነሣ የበካፋና የምንትዋብ ነገር አይቀርም። ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሸሽገው፣ ተራ መንገደኛ መስለው አገር ለአገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ንዳድ ይጥላቸዋል። አንድ ባላገር ቤቱ አስገብቶ ያስተኛቸዋል፤ ልጁ ውኃ እያቀበለች፣ ግንባራቸውን እያበሰች ታስታምማቸዋለች። ንጉሡ ሲሻላቸው ጎንደር ይገቡና መልእክተኛ ልከው ልጅቱን ያስመጧታል። ከዚያ እቴጌ ትሆናለች።

ትረካው ያምራል፤ እኔም እወደዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን በተደጋገመ ቁጥር ሴትዮዋ እያነሱ መምጣታቸው ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው ከፊት ከሚጠሩት ሴቶች አንዷ በሕዝብ ልብ ውስጥ የቀሩት ንጉሥ ያስታመመች ኮረዳ ሆነው ነው። ስለዚህ ስሕተቱን አንድ በአንድ እናንሣው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ምንትዋብ የድሃ ባላገር ልጅ ነበሩ»

አልነበሩም። አባታቸው ደጃዝማች መንበር የደምቢያ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። ቤተሰቡ ዘሩን እስከ ዐፄ ሚናስ ድረስ ይቆጥር ነበር። የዘር ቆጠራው ምን ያህል ተስቦ እንደሆነ መከራከር ይቻላል፤ በዚያ ዘመን ስም ያለው ቤት ሁሉ ከነጋሢ ዘር አንድ ክር መምዘዝ ይወድ ነበርና። ደጃዝማችነት ግን ክር የሚመዘዝበት ነገር አይደለም፤ ጦር የሚያዝ፣ አገር የሚያስተዳድር ሰው ማዕረግ ነው። የደጃዝማች ቤት አሽከርና ገረድ፣ በቅሎና ጋሻ ያለበት፣ እንግዳ የማይታጣበት ቤት ነው። በትረካው የምንሰማት፣ አባትና ልጅ ብቻቸውን የሚኖሩባት ደሳሳ ጎጆ የምንትዋብ ቤት ልትሆን አትችልም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። የምንትዋብ አገር ቋራ ከጣና በስተ ምዕራብ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚያዘነብል፣ ቆላው የሚበዛ አገር ነው። ለጎንደር ከተሜ ከዚያ የመጣ ሰው፣ ደጃዝማችም ወልዶት ቢሆን፣ ከሩቅ የመጣ ባላገር ነበር። የከተሜ ዐይን ያየውን ይዘን ሦስት መቶ ዓመት ተጓዝን።

«የማስታመሙ ታሪክ በዐይን ምስክር የተጻፈ ነው»

ጋብቻው የተፈጸመው በ1722 ነው። የማስታመሙን ትረካ በጽሑፍ አስፍሮ በዓለም የዘራው ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770፣ መጽሐፉ የታተመው በ1790 ነው። ጋብቻውና የብሩስ መምጣት የአርባ ስምንት ዓመት ልዩነት አላቸው።

ሆኖም ከመንገድ የሰማውን የጻፈ ሰው አድርገን አንጣለው። ብሩስ ሲመጣ እቴጌይቱ በሕይወት ነበሩ፤ ቁስቋም ግቢያቸው ተቀብለውታል፤ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተሰቡን ልጆችም አክሟል። በእቴጌይቱ ቤት የሚወራውን የመስማት ዕድል ነበረው ማለት ነው። የራሳቸው የምንትዋብና የልጃቸው የኢያሱ ዜና መዋዕል ግን በግእዝ ሲጻፍ ክብደት የሰጠው ለዘራቸው ትልቅነት ነው። እንግዲህ አንዱ ትረካ ቤተኛ በወግ የሚያወጋው፣ ሌላው ጸሐፌ ትእዛዝ በብራና የሚያሰፍረው ነው። እኔ ትረካውን ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። ደገኛ ቆላ ወርዶ ንዳድ ቢይዘው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሲሻለውም ያስታመመውን ቤት አይረሳም። የማይሆነው ይህን እንደ ተመሰከረ ታሪክ አድርጎ ማስተማር ነው።

«በካፋ በድሎት ያደጉ፣ የድሃ ኑሮ የማያውቁ ልዑል ነበሩ»

በካፋ የታላቁ ኢያሱ ልጅ ይሁኑ እንጂ ያደጉት በወህኒ አምባ ነው። ወንድ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ከዚያ አምልጠው በኦሮሞዎች መካከል እንደኖሩ፣ ሲያዙም ለንግሥና እንዳይበቁ የአፍንጫቸው ጫፍ እንደተቆረጠ ይነገራል። በ1721 ከአምባው ወርደው ሲነግሡ ከምንም በላይ የሚያውቁት መታሰርንና መደበቅን ነበር። ተራ ሰው መስለው ይዞራሉ የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል ሰው አምኖ የተቀበለው። «ባለጸጋው ልዑልና ምስኪኗ ልጅ» የሚለው ሥዕል በሁለቱም ወገን ፈረሰ፤ ልዑሉ የእስር ቤት ልጅ፣ ምስኪኗም የደጃዝማች ልጅ ሆኑ።

«ጋብቻው የፍቅር ብቻ ነበር»

ፍቅር አልነበረም የሚል የለም። ነገር ግን የንጉሥ ጋብቻ የወገን ጋብቻም ነው። በካፋ መኳንንቱን የማያምኑ፣ ከታላላቆቹ ቤቶች ጋር የማይግባቡ ንጉሥ ነበሩ። ከጠረፍ አካባቢ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ገና እግሩን ካልተከለ ቤት ማግባት ማለት ለአማችነቱ ከንጉሡ በቀር ሌላ ጌታ የሌለው ወገን ማግኘት ነው። ከምንትዋብ ጋር ወንድሞቻቸውና ዘመዶቻቸው ገቡ፤ ጎንደርም «ቋረኞች» አላቸው። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1767፣ የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ። ሌላው ወንድማቸው እሸቴም ደጃዝማች ሆነዋል። አባቷን ጎጆ ውስጥ ትታ ብቻዋን በበቅሎ የመጣች ሙሽራ ይህን ሁሉ ልታደርግ አትችልም።

«ታላቅ ያደረጋቸው ባላቸው ነው»

ይህኛው ከሁሉም ያስቆጨኛል። ምንትዋብ ከበካፋ ጋር የኖሩት ስምንት ዓመት ነው። በ1730 ንጉሡ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ሞቱ ነገሩ እስኪደላደል ድረስ ተደብቆ ቆየ፤ ልጁ ነገሠ፤ እናቱም ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት አብረው ዘውድ ጫኑ። በእናትነት እጅ ሞግዚት ሆኖ ማስተዳደር የታወቀ ነው፤ ከልጅ ጋር እኩል ዘውድ መጫን ግን ያልተለመደ ነበር። ጎንደር ሁሉ እሺ አላለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዓመፀኞች ሌላ ንጉሥ አንግሠው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። እቴጌይቱ ከልጃቸው ጋር ከግንቡ ውስጥ ሆነው ያን ከበባ አለፉት። ልጃቸው እስከሞተበት እስከ 1755 ድረስ ያለ እሳቸው የተቆረጠ ነገር ጥቂት ነው።

የእጃቸውን ሥራ በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ይሂድ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታለች። ምንትዋብ ናቸው። ሥዕሉ ውስጥ ባላቸውም ልጃቸውም የሉም። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ለምኝልኝ የሚል ምስል ነው። ሥዕሉን ሳስብ ያች የአስታማሚ ኮረዳ ትረካ በጣም ትጠበኛለች። ፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራውም ግንብ ንጉሥ ለወዳጁ የሰጠው ስጦታ እየተባለ ይወራል፤ የተሠራው ግን ንጉሡ ካረፉ በኋላ በእሳቸው ዘመን ነው።

«የፍቅር ታሪካቸው በበካፋ ሞት አበቃ»

ምንትዋብ ባል ሲሞትባቸው ሃያዎቹን አጋማሽ ገና አልጨረሱም ነበር። ከዚያ በኋላ ከባላቸው እኅት ልጅ፣ ምልምል ኢያሱ ከሚባለው ወጣት ጋር ኖሩ፤ አስቴር፣ ወለተ እስራኤልና አልጣሽ የሚባሉ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ቤተ መንግሥት ውስጥ የዚህ ጉዳይ ጠላት ብዙ ነበር፤ ምልምል ኢያሱም ከጣና አጠገብ ከገደል ተወርውሮ ተገደለ ይባላል። አስቴር ኋላ የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆናለች። የማስታመሙን ወሬ ሺህ ጊዜ የሚያወራ ሰው ይህን ሲዘለው ይገርመኛል። ንግሥት ሆና፣ ስሟን ለአደጋ ሰጥታ፣ በራሷ ፈቃድ የመረጠች ሴት ታሪክ ነው። የፍቅር ታሪክ ከተፈለገ ይኸው።

«ቁስቋም ያረጀው በዘመን ብዛት ነው»

ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠሩት ምንትዋብ ናቸው፤ ያቃጠሉት ደግሞ በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች፣ የማህዲ ተከታዮች፣ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ እንደገና ተሠርቷል፤ አዳራሹ ጣሪያ አልባ ቆሞ ቀርቷል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የኢያሱና በ1769 የተገደለው የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም እዚያው አብሮ ይገኛል።

«ከቋራ የወጣ ሁሉ ከድህነት የወጣ ነው»

ይህ ልማድ ከምንትዋብ ጋር አላበቃም። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሰውየው የቋራ፣ ሴቲቱ የታላቅ ቤት ልጅ ሆኑ፤ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ካሳ ኃይሉ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። ጋብቻው ካሳን አለዝቦ ለመያዝ የታሰበ ነበር፤ ተዋበች ግን ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጋር ቆመች። ጎንደሬው ግን ካሳን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አለው፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በተቸገሩበት ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል ተብሎ። የራስ ዓሊ እናት የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎከረ። ካሳ ድል አድርጎ ማረከውና እናቴ ሳትሸጠው የቀረ ነው ብሎ ኮሶ አጠጣው ይባላል።

ስድቡ ዛሬ ድረስ እንደ ታሪክ ይነገራል፤ አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ከቋራ ገዢዎች ወገን እንደነበሩ፣ ያሳደገው ቤትም ደምቢያን የገዙት የዘመዱ የደጃዝማች ክንፉ ቤት እንደነበር ግን ከተራኪው አፍ አይወጣም። ምንትዋብን ከደጃዝማች ቤት አውጥቶ ጎጆ ያስገባቸውም ይኸው አፍ ነው።