ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያለ ተጋላጭነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያደሰው የተጋላጭነት ሰንጠረዥ ከ40 እስከ 74 ዓመት ላለ ሰው በመጪዎቹ 10 ዓመታት በድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመጠቃት ዕድሉን በመቶኛ ይገምታል። ዓለምን በ21 ቀጠናዎች ስለሚከፍል ከሌላ ቀጠና ሰንጠረዥ የተነበበ ቁጥር ያሳስታል።

«ያለ ደም ምርመራ አይታወቅም»

ይታወቃል። አንደኛው ሰንጠረዥ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ የላይኛው የደም ግፊት እና የክብደትና ቁመት ምጣኔ ይበቁታል። ምጣኔውን ለማግኘት ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው፤ 78 ኪሎ ለሚመዝንና 1.70 ሜትር ለሚረዝም ሰው 27 ይመጣል። ካቆመ ዓመት ያልሞላው ሰው እንደ አጫሽ ይቆጠራል። ይህ ሰንጠረዥ ስለ ስኳር ሕመም ስለማይጠይቅ ስኳር ያለበትን ሰው ተጋላጭነት አሳንሶ ያሳያል። እንዲህ ያለው ሰው ኮሌስትሮሉን ተመርምሮ በሁለተኛው ሰንጠረዥ ቢታይ ይሻላል።

«ግፊቴ ትንሽ ብቻ ነው የጨመረው፣ አያሰጋኝም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አጋላጭ ነገሮች አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባብሳል። ግፊቱ 145 ሆኖ የሚያጨስና ስኳር ያለበት ሰው፣ ግፊቱ 165 ከሆነ ሌላ ችግር ከሌለበት እኩያው ይበልጥ ሊጋለጥ ይችላል።

አለካኩም ውጤቱን ይለውጣል። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም የለም፤ ሽንት ይሸናል፤ ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ለወፍራም ክንድ የጠበበ የመለኪያው የክንድ መጠቅለያ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ነው።

«ውጤቴ አረንጓዴ ነው፣ የግፊት መድኃኒት አያስፈልገኝም»

በሰንጠረዡ ቀለሞች አረንጓዴ ማለት የ10 ዓመት ተጋላጭነቱ ከ5 በመቶ በታች ነው። ይሁንና በተደጋጋሚ ልኬት 140/90 እና ከዚያ በላይ መሆኑ የተረጋገጠ ግፊት በሰንጠረዡ ምንም ቢነበብ ሕክምና ይፈልጋል። በመድኃኒት የወረደ ግፊትም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል።

«ገና ወጣት ነኝ»

በስሌቱ ውስጥ ትልቁን ክብደት የሚይዘው ዕድሜ ስለሆነ፣ የሚያጨስና ግፊት ያለበት የ42 ዓመት ሰው የ10 ዓመት ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የዕድሜ ልክ ተጋላጭነቱ ግን ከፍተኛ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ፕሪቬንት የተባለው ስሌት ከ30 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የ30 ዓመት ግምትም የሚሰጠው ለዚህ ነው።

«ስትሮክ ይዞኝ ነበር፣ ይሰላልኝ»

አይሰላም። ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ከወዲሁ ከፍተኛ ተጋላጭ ስለሆነ በቀጥታ ሕክምናው ይቀጥላል። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ ልብ ሕመምም በሰንጠረዡ አይገመትም፤ እሱ የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ ነው።