ቦትልኔክ ምንድን ነው? በትንሽ በጀት የጌም ኮምፒውተር ለምትገጣጥሙ

ጌም ስትጫወቱ ስክሪኑ ላይ የምታዩት እንቅስቃሴ የተከታታይ ምስሎች ውጤት ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በሴኮንድ 60 ፍሬም እንዲታይ ከተፈለገ፣ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ለመጨረስ 17 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላውም። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ይሠራሉ። ፕሮሰሰሩ ጌሙ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንዳለ ያሰላል። ጠላት የት ቆሟል? ጥይቷ ማንን መታች? ኳሷ ወዴት ነጠረች? ከዚያ ምን ምን መሳል እንዳለበት ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፋል። ካርዱ ደግሞ ይስላል።

ሁለቱ የሚሠሩት ተቀባብለው ነው፤ ልክ እንደ ግንበኛና ብሎኬት አቀባይ። አቀባዩ ቀርፋፋ ከሆነ ግንበኛው የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ግንበኛው ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ብሎኬቱ አጠገቡ ይከመራል እንጂ ግድግዳው ቶሎ አይነሳም። ቦትልኔክ የሚባለው ይሄ ነው። ሌሎቹን የሚያስጠብቀውና የመላውን ኮምፒውተር ፍጥነት የሚወስነው ዕቃ ማለት ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ይያዝልኝ። ቦትልኔክ የሌለበት ኮምፒውተር የለም። በጣም ውዱን ብትገዙም አንዱ ዕቃ ከሌሎቹ ቀድሞ አቅሙ ያልቃል። ስለዚህ «ይሄ ፕሮሰሰር ከዚህ ካርድ ጋር ቦትልኔክ አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። በየትኛው ጌም? በምን ሪዞሉሽን (የምስሉ የነጥብ ብዛት)? በሴኮንድ ስንት ፍሬም ፈልጋችሁ? ካውንተር-ስትራይክ 2ን በዝቅተኛ ሴቲንግ ስትጫወቱ የሚያስጠብቀው ፕሮሰሰሩ ሊሆን ይችላል። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሳይበርፐንክ 2077ን በከፍተኛ ሴቲንግ ስትከፍቱ ደግሞ የሚጨነቀው ካርዱ ነው። ሁለት ዕቃ አስመርጠው «ይሄን ያህል በመቶ ቦትልኔክ» የሚሉ ድረገጾች አሉ። እነሱን አይታችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ጌሙን ሳያውቁ የሚሰጡት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ታዲያ ዋናው ጥያቄ ምንድን ነው? ቦትልኔኩ የት ይሁን? የኔ መልስ ግልጽ ነው፤ ለጌም ከሆነ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሁን። ምክንያት አለኝ። ካርዱ ሲያቅተው ብዙ መውጫ አለ። ሪዞሉሽን መቀነስ ይቻላል። ጥላውን፣ ነጸብራቁን፣ የሣሩን ብዛት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እነዚህን ስትነኩ የካርዱ ሥራ ወዲያው ይቀልለታል፣ ፍሬሙም ይጨምራል። ፕሮሰሰሩ ሲያቅተው ግን ያን ያህል መውጫ የለም። ጥላ ብትቀንሱ ፕሮሰሰሩ የጠላቶቹን እንቅስቃሴ ማስላቱ አይቀርለትም። ይባስ ብሎ የፕሮሰሰር እጥረት የሚመጣው በመቆራረጥ ነው። ጌሙ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ልክ ተኩሱ ሲበዛ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይዘልላል። በሴኮንድ አማካይ ፍሬሙ ጥሩ ቁጥር እያሳየ ጨዋታው ግን ያናድዳል። ወጥ የሆነ 50 ፍሬም፣ ከሚዘልል 80 ፍሬም በብዙ ይሻላል።

ይሄ ማለት ካርዱን ርካሽ ግዙ ማለት አይደለም። እንዲያውም ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበት ካርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ካርዱን ሳያስጠብቅ የሚያበላ ይሁን፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለፕሮሰሰር የምታወጡት ብር ከካርዱ ላይ የቀነሳችሁት ብር ነው።

አሁን ወደ እኛው ገበያ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ ብር ጌም ለመጀመር ብዙ ሰው የሚያስበው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ቦትልኔክ በደንብ የሚታየውም እዚህ ጋ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ የምታገኙት እንደ ኮር አይ5-4590 ያለ ፕሮሰሰር ነው። የ2014 ዕቃ ነው፤ አራት ኮር (ራሱን የቻለ ማስሊያ ክፍል) አለው፣ በአንድ ጊዜ የሚያስኬደውም አራት ሥራ ብቻ ነው። ለጂቲኤ 5ና ለቆየት ያሉ ጌሞች ያገለግላል። አዳዲሶቹ ትልልቅ ጌሞች ላይ ግን አራቱም ኮሮች ይሞላሉ፣ መቆራረጡም ይጀምራል። እዚህ ላይ አርቲኤክስ 3060 ብትሰኩበት ካርዱ ብዙ ጊዜውን በመጠበቅ ያሳልፋል። የከፈላችሁበትን ግማሽ እንኳ ላታዩት ትችላላችሁ።

ሌላም ችግር አለ። የዚህ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከ300 ዋት በታች ነው። ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ የሚሰካው ገመድም የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም፤ ዴል የራሱን ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ከገበያ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ዝም ብሎ መቀየር አይቻልም፣ መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር የሚስማማው ጂቲኤክስ 1650 ነው። 75 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ብዙዎቹ ሞዴሎችም ተጨማሪ የኃይል ገመድ ሳይሰካባቸው ከማዘርቦርዱ ብቻ ወስደው ይሠራሉ። ከፕሮሰሰሩም ጋር ይመጣጠናል። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ግን አጭሩን ካርድ መፈለግ አለባችሁ፤ ሙሉ ቁመት ያለው አይገባም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ኬዙን አስከፍታችሁ እዩ።

ከ1650 አዲስ ስለሆነና ርካሽ ስለሆነ አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ለአሮጌ ማዘርቦርድ የሚመርጡ አሉ። እባካችሁ ተጠንቀቁ። ይሄ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ሌሎች የጌም ካርዶች ስምንት ወይም አሥራ ስድስት አላቸው። ፒሲአይ 4 (የዚህ መገናኛ አራተኛ ትውልድ) ባለው አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አራቱ መስመር ያስኬዳል። እንደ 9020 ፒሲአይ 3 ባለው ላይ ግን የእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። የካርዱ ሚሞሪ ደግሞ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሚሞሪው ሲሞላ የጌሙ ምስሎች ከራም (ከኮምፒውተሩ ዋና ሚሞሪ) በዚያች ጠባብ መንገድ መመላለስ ይጀምራሉ፣ ጌሙም ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ የሚያስጠብቀው የፕሮሰሰሩ ወይም የካርዱ የማስላት ፍጥነት አይደለም። ያስጠበቃቸው መሃል ያለው መንገድ ነው።

ከባዶ ለሚገጣጥም ሰው ነገሩ ቀለል ይላል። በትንሽ በጀት የምወደው ጥምረት ራይዘን 5 5600 ወይም ኮር አይ3-12100ኤፍ፣ ከአርኤክስ 6600 ጋር ነው። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች በ2022 የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ስድስት ኮር አለው፣ ሁለተኛው አራት ኮር ሆኖ ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ያስኬዳል። አይ3 መሆኑን አይታችሁ አትናቁት፤ ጌም ላይ ያንን አሮጌ አይ5 ጥሎት ይሄዳል። ካርዱ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ የሚወስደውም 132 ዋት ብቻ ስለሆነ ጥሩ የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል። ለ1080ፒ (1920 በ1080 ነጥብ) ሪዞሉሽን ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ስሙ ላይ «ኤፍ» ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ግን አትርሱ። ካርድ ካልሰካችሁ ስክሪኑ ምንም አያሳይም።

ለካርድ የሚሆን ብር አሁን ከሌላችሁስ? ራይዘን 5 5600ጂ አለ። ግራፊክሱ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ቫሎራንትንና ዶታ 2ን ሴቲንጉን ቀንሳችሁ ትጫወቱበታላችሁ፣ ካርዱን በኋላ ትጨምራላችሁ። ከ5600 ጋር ሲነጻጸር የውስጥ ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) ግማሽ ነው፣ የሚሠራውም በፒሲአይ 3 ነው። ስለዚህ በኋላ ካርድ ሲጨመር ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። እንደዚህ ያለ ፕሮሰሰር ስትገዙ ራሙ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከምትሰኩ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ስኩ። ሁለት ሲሆኑ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። የራሱ ሚሞሪ የሌለው ግራፊክስ ደግሞ የሚኖረው በዚያ መንገድ ነው። ሱቅ ውስጥ «መጠኑ ያው ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። መጠኑ አንድ ቢሆንም ፍጥነቱ አንድ አይደለም።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? ኤስኤስዲ ግዙ። ፍሬም ያን ያህል አይጨምርም፣ ጌሙ ግን ቶሎ ይከፈታል።

ፓወር ሰፕላይ ጌም አያፈጥንም። በበጀት ምክንያት ሁሌ የሚጎዳውም እሱ ነው። እኛ ጋ ግን መብራት ይሄዳል፣ ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ስም የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከካርዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁም ቢሆን ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ግዙ። ከአሜሪካ ዘመድ ካመጣላችሁ ጀርባውን እዩት። ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስል መምረጫ ካለውና 115 ላይ ከሆነ፣ ሳትሰኩ በፊት ወደ 230 ቀይሩት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። እንዳለ ከተሰካ ይፈነዳል።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ ባለ 2048 የሚባል ዓይነት አለ። ዋናው 580 2304 ማስሊያ ክፍሎች አሉት። ይሄኛው 2048 ብቻ ስላለው በአቅም 570 ነው። በአሮጌ ካርድ ላይ ስሙን ለውጠው የሚሸጡም አሉ። ስሙን አምናችሁ ያመጣጠናችሁት ሁሉ በዚህ ይበላሻል።

ሞኒተሩንም ከሒሳብ አታውጡት። 60 ኸርዝ ሞኒተር በሴኮንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም። ፕሮሰሰራችሁ በሴኮንድ 90 ፍሬም ማዘጋጀት ከቻለ፣ 150 የሚያዘጋጅ ፍለጋ ብር ማውጣት አያስፈልጋችሁም።

ኮምፒውተሩ እጃችሁ ላይ ካለ ቦትልኔኩን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ቪሲንክን (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ሴቲንግ) እና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ አጥፉ፤ አለበለዚያ ሁሉም ዕቃ ሥራ የፈታ ይመስላል። ጌሙን ከፍታችሁ ተኩስ ወይም ግርግር ወዳለበት ቦታ ሂዱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። የካርዱ አጠቃቀም ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ የሚያስጠብቀው ካርዱ ነው። ካርዱ 60 ወይም 70 በመቶ ላይ እያለ ፍሬሙ ዝቅተኛ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ። የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ ቁጥር 50 በመቶ ቢልም አይሸውዳችሁ። አንዱ ኮር ብቻ ሞልቶ ሌሎቹ ባዶ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እዩ። ማረጋገጫው ሪዞሉሽኑን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ ማውረድ ነው። ፍሬሙ ከጨመረ ካርዱ ነበር። ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ነው።

ካርዱ ከሆነ ሴቲንግ ቀንሳችሁ ተጫወቱ፣ ብር ሲገኝ ካርዱን ብቻ ቀይሩ። ፕሮሰሰሩ ከሆነ መጀመሪያ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዝጉ፣ ራሙ አንድ ከሆነ ሁለተኛ ጨምሩ፣ ፍሬሙን ኮምፒውተሩ ሳይንገዳገድ በሚችለው ቁጥር ላይ ገድቡት። የማዘርቦርዱ የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) የራይዘኑ ኤኤም4 ከሆነ ደግሞ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር) አዘምናችሁ ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ የማዘርቦርዱ አምራች ድረገጽ ላይ እዩ። ከ2017 ጀምሮ የተሸጡ ብዙ የኤኤም4 ማዘርቦርዶች 5600ን ይቀበላሉ፣ ያኔ ማዘርቦርድና ራም እንደገና መግዛት ይቀርላችኋል።