የስፓን ፐርሰንት ምንድን ነው?

የስፓን ፐርሰንት አንድ የግፊት መለኪያ ያነበበው መጠን፣ መሣሪያው በተስተካከለበት ክልል ውስጥ ከታችኛው ወሰን ተነሥቶ ምን ያህል እንደራቀ በመቶኛ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ስፓን የሚባለው የላይኛው ወሰን ራሱ ሳይሆን ከላይኛው ላይ ታችኛው ሲቀነስ የሚቀረው ስፋት ነው፤ ስሌቱ የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ ይህ ሲዘነጋ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የተሳፈረ ሰው ፍኖተ ሰላም ሲደርስ የመንገዱን ስንት እጅ እንደጨረሰ ቢጠየቅ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ አይቆጥርም።

ከ0 እስከ 10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይለካ የነበረ የቦይለር ትራንስሚተር፣ ማለትም የእንፋሎት ማፍያውን ግፊት ለክቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ከ2 እስከ 10 ባር እንዲለካ እንደገና ካሊብሬት ተደረገ (ተስተካከለ) እንበል። የላይኛው ወሰን ባይነካም ስፓኑ ወደ 8 ባር ወርዷል። ስለዚህ 6 ባር በቀድሞው ክልል 60 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ግን ከ6 ላይ 2 ተቀንሶ፣ ቀሪው 4 ለ8 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 50 በመቶ ይሆናል። መሣሪያው የሚልከው፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር (የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ) የሚደርሰው የመውጫ ምልክትም ከዜሮ ስለማይነሣ የራሱ ስፓን 16 ነው፤ በመሆኑም የ16 ግማሽ በሆነው 8 ላይ መነሻው 4 ተደምሮ 12 ሚሊአምፔር ይጠበቃል።

ስሕተትም የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነው። በ12 ፋንታ 12.08 ሚሊአምፔር ቢነበብ፣ ልዩነቱ 0.08 ለ16 ሲካፈል የስፓኑ 0.5 በመቶ ነው። ለ20 ያካፈለ ባለሙያ 0.4 በመቶ ያገኛል፤ የተፈቀደው ስሕተት 0.4 በመቶ ከሆነ ደግሞ መውደቅ የነበረበትን መሣሪያ አሳለፈ ማለት ነው። ፍተሻው በተለምዶ በ0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ፣ ማለትም በ2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ባር፣ ግፊቱ ሲጨምርም ሲቀንስም ይደረጋል።

በደጋማው ጎጃም አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራው የግፊት ጌጅ ለአየር ክፍት ሲሆን ዜሮ ያነብባል፤ ከፍጹም ባዶነት ተነሥቶ የሚለካው ዓይነት ግን በባሕር ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ 0.8 ባር ያህል ማንበብ ይገባዋል። ክልሉ ከ0 እስከ 2 ባር ከሆነ ይህ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ በባሕር ጠለል ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ጥቂት ያልፋል። ይህን ንባብ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ወደ ዜሮ የሚመልስ ሰው፣ ስሌቱን ምንም ያህል በትክክል ቢሠራ፣ እያንዳንዱን ነጥብ በስፓኑ 40 በመቶ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል።