«ቴክሳስ ታክስ የለም፣ ሲያትል ዝናብ ነው»፦ ስለ አሜሪካ ከተሞች የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ የሚኖር አበሻ ስቴት መቀየር ሲያስብ መጀመሪያ የሚያማክረው ዘመድ ነው። ዘመድም አያሳፍርም፤ ረግጦት የማያውቀውን ከተማ ሳይቀር ይመክራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ቴክሳስ ሂድ፣ ታክስ የለም»

የሌለው የስቴት የገቢ ታክስ ነው። ትምህርት ቤቱና መንገዱ ግን ያለ ገንዘብ አይሠራም፤ አንዱ ትልቅ ምንጭ የቤት ታክስ ነው። ዳላስና ሂውስተን አካባቢ እንደ ሰፈሩ ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሒሳብ 350,000 ዶላር የተገመተ ቤት በዓመት 7,000፣ በወር ወደ 580 ዶላር ያስወጣል። የባንኩን ዕዳ ጨርሳችሁም አይቀርላችሁም። የገቢ ታክስ ሥራ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀንሳል። የቤት ታክስ ግን ትራኩ ተበላሸ፣ ኡበሩ ቆመ አይልም፤ ቢሉ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ተከራይ ከሆናችሁም አከራዩ ሬንቱ ላይ ያስገባዋል።

ራሳችሁ ለምትኖሩበት ቤት «ሆምስቴድ» የሚባል ቅናሽ አለ። እሱ ካለ ታክስ የሚታሰብበት ግምትም በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አይጨምርም። ግን ማመልከት ያስፈልጋል። ቤት ገዝታችሁ ይህን ወረቀት ካላስገባችሁ፣ ዛሬውኑ አስገቡት።

ቴክሳስ አትሂዱ ማለቴ አይደለም። የቤት ዋጋው ከብዙ ትልልቅ ከተሞች ይሻላል። «ታክስ የለም» ብሎ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ሲያትል ዝናብ ብቻ ነው»

በመጠን ካየነው ኒውዮርክ ይበልጣል። ሲያትል በዓመት የሚያገኘው 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ኒውዮርክ ከ1,200 ያልፋል። አዲስ አበባ ራሷ ሲያትልን ትበልጣለች። ሲያትል ላይ የሚበዛው ካፊያ ነው፤ እኛ የምናውቀው ዶፍ እዚያ ብርቅ ነው። በኛ ክረምት በሚሆንበት በጁላይና ኦገስት ደግሞ ጭራሽ ደረቅ ነው። ሰው የሚያማርረው ጨለማው ነው መሰለኝ። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ በነሱ አቆጣጠር 4፡20 ገደማ ትጠልቃለች፤ ከሥራ ስትወጡ ሌሊት ነው።

«ዴንቨር ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል»

ለማያሚ ሰው እውነት ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከሸገር በቀጥታ ለሚመጣ ሰው ቁልቁለት ነው። በረዶውም ይጥላል፣ ግን ፀሐዩ ቶሎ ያቀልጠዋል።

«ቺካጎ የነፋስ ከተማ ናት»

በአማካይ ቦስተን የበለጠ ይነፍስባታል። የቺካጎ ብርድ ግን ወሬ አይደለም።

«ኒውዮርክ ወንጀሉ አያኖርም፣ ኑሮውም እሳት ነው»

የወንጀሉ ወሬ ያረጀ ነው። በ1990 ከተማዋ ውስጥ ከ2,200 በላይ ሰው ተገድሏል፤ በ2018 ቁጥሩ ከ300 በታች ነበር። ሬንቱ እሳት መሆኑ ልክ ነው። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ መኪና የለውም። የመኪና ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ ቤንዚን፣ ፓርኪንግ ሲደመር ስንት እንደሚሆን ሌላ ከተማ ያለ ሰው ያውቀዋል። ለብቻው ለሚኖር ሰው ሒሳቡ ሊገጥም ይችላል። ሁለት ሦስት ልጅ ላለው ግን እኔም አልመክርም።

«አበሻ ያለው ዲሲ ነው»

«ዲሲ ነኝ» የሚለን አብዛኛው ሰው የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ነው። አንዱ ሜሪላንድ፣ ሌላው ቨርጂኒያ። ዲሲ ብትሠሩም የገቢ ታክስ የምትከፍሉት ለምትኖሩበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆናችሁ ከስቴቱ በተጨማሪ ካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ከ3 በመቶ በላይ ይወስዳል። ቨርጂኒያ የካውንቲ የገቢ ታክስ የለም፣ ግን በየዓመቱ የመኪና ታክስ አለ፤ መኪናው አዲስ በሆነ ቁጥር ይከብዳል። ሁለት አዳዲስ መኪና ያላችሁ ባልና ሚስት፣ አፓርታማ ከመፈረማችሁ በፊት ይህንንም ደምሩት።