የወፎች የጎጆ ቦታ ሽሚያ ምንድን ነው?

የጎጆ ቦታ ሽሚያ የሚባለው ወፎች እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ ለመያዝ የሚገቡበት ግብግብ ነው። የጠቡ ምክንያት ምግብ አይደለም፣ ቦታ ነው። ተቀናቃኙ የራሳቸው ወገን ሊሆን ይችላል፣ ጨርሶ ሌላ ዝርያም ሊሆን ይችላል። ክረምታቸው በረዷማ በሆነ አገሮች ነገሩ የሚጦፈው በጸደይ ነው።

ጫካ ሙሉ ዛፍ እያለ በምን ይጣላሉ? ቅርንጫፍ ላይ ሣርና ጭራሮ ጎንጉነው የሚሠሩት ወፎች በእርግጥ በዚህ ብዙም አይቸገሩም፣ ይቺ ቅርንጫፍ ባትመች ያቺ አለች። ጣጣው ያለው ቀዳዳ ውስጥ የሚፈለፍሉት ዘንድ ነው። ግንደ ቆርቁር ግንዱን በምንቃሩ ቦርቡሮ ቤቱን ራሱ ያዘጋጃል። ሌሎች ብዙ ወፎች ግን ቀዳዳው ያስፈልጋቸዋል እንጂ መቦርቦሩን አይችሉበትም፤ ስለዚህ ግንደ ቆርቁር ትቶት የሄደውን ወይም ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የበሰበሰውን ቦታ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ በብዛት የሚገኘው ባረጀና በደረቀ ዛፍ ላይ ነው። ሰው ደግሞ መጥረቢያውን የሚያነሳው መጀመሪያ በእሱ ላይ ነው። ፈላጊው ብዙ፣ ቤቱ ጥቂት። ከተማ ውስጥ የኪራይ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ጸደይ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ የወፎቹ ሆርሞን ይለወጣል፣ ለመራባት ይነሳሳሉ። ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬ ነው፣ አባጨጓሬው ደግሞ የሚትረፈረፈው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ቦታ ሲፈልግ የዘገየ ወፍ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው በሚጮሁበት ጊዜ ምግቡ አልቆ ይጠብቀዋል።

አብዛኛው ፉክክር ደም አያፈስም፣ በድምፅ ያልቃል። ያ ሰው ሁሉ የሚወደው የማለዳ ዝማሬ ግማሹ «ቦታው ተይዟል፣ እለፍ» ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው ዋይተም ጫካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሪፍ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግሬት ቲት የሚባሉትን ትንንሽ ወፎች ከያዙት ቦታ አነሷቸውና በአንዳንዱ ቦታ ላይ ዝማሬያቸውን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ተከሉ። ዝም ያለውን ቦታ ሌሎች ወፎች ቶሎ ወረሱት፣ ድምፅ ማጉያ ያለበትን ግን ለመድፈር ጊዜ ወሰደባቸው።

ድምፅ ካልበቃ ግን ይከፋል። ይኸው ግሬት ቲት 18 ግራም አካባቢ የሚመዝን፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ወፍ ነው። ክረምቱን እዚያው አውሮፓ ስለሚያሳልፍ ቀዳዳውን ቀድሞ ይይዛል። ፓይድ ፍላይካቸር የሚባለው ሌላው ወፍ ግን 12 ግራም ገደማ ሆኖ ክረምቱን ምዕራብ አፍሪካ ይከርምና ሰሃራን አቋርጦ በጸደይ ይደርሳል፣ ሲደርስ ጥሩ ጥሩው ቦታ ተይዟል። ውጭ ላይ ቢጣሉ ፍላይካቸሩ ቀልጣፋ ስለሆነ ግሬት ቲቱን እያስመረረ ያመልጣል። ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ተከትሎት ከገባ ግን አለቀለት፦ ግሬት ቲቱ በጠንካራ ጥፍሩ ጨምድዶ ይይዘውና ጭንቅላቱን በምንቃሩ ይቀጠቅጠዋል። ብዙ ጊዜ አንጎሉንም ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዳሳየው በአንዳንድ ዓመታት ከወንዶቹ ፍላይካቸሮች 9 በመቶ የሚጠጉት በዚህ መንገድ ሞተዋል። ክረምቱ ብዙም ሳይበርድ ቀርቶ ብዙ ግሬት ቲት ከተረፈ፣ የሁለቱም የመራቢያ ጊዜ ከገጠመ ደግሞ ይብሳል። የሚሞቱት በአብዛኛው ዘግይተው የደረሱ፣ ሚስት የማግኘት ዕድላቸውም የመነመነ ወንዶች ስለሆኑ ግን የፍላይካቸሩ ቁጥር በዚህ ምክንያት ሲያሽቆለቁል አልታየም። ለሟቹ ምን ሊጠቅመው!

ሰሜን አሜሪካ ላይ ችግሩን ያባባሰው ሰው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ከአውሮፓ የመጡ ወደ 100 የሚሆኑ፣ ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎች ኒው ዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ተለቀቁ፣ ዘራቸው አህጉሩን አዳረሰ። ስታርሊንግ አይቦረቡርም። ግንደ ቆርቁሩ ለፍቶ ሲጨርስ ይመጣና ያስወጣዋል። እንደተፈራው አብዛኞቹን የአገሬው ወፎች አላመናመናቸውም፣ ምክንያቱም የተባረረው ግንደ ቆርቁር ሌላ ቀዳዳ ቆፍሮ ዘግይቶ ይፈለፍላል። መቆፈር የማይችለው፣ ብሉበርድ የሚባለው የአገሬው ወፍ ግን ይህ አማራጭ የለውም። እሱን በተለይ የምታስቸግረው ከአውሮፓ የሄደችው የቤት ድንቢጥ ናት፤ እንቁላሉን ትሰብራለች፣ ባለቤቱን እዚያው ውስጥ ትገድላለች፣ አንዳንዴም ሬሳው ላይ ጎጆዋን ትሠራለች። እኛ የምናውቃት ምስኪን ድንቢጥ የቅርብ ዘመዷ መሆኗ ነው እንግዲህ።

መከላከያው የበሩ ስፋት ነው። ነትሃች የሚባለው ወፍ ሰፊ ቀዳዳ ሲያገኝ የቀዳዳውን አፍ በጭቃ መርጎ በራሱ ልክ ያጠበዋል። የእንጨት ሳጥን ለወፍ የሚሰቅሉ ሰዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። 38 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ብሉበርድን ያስገባል፣ ስታርሊንግን ያስቀራል። ድንቢጥ ግን ትገባለች፣ ብሉበርዱን ሳያስቀሩ እሷን በስፋት ማገድ አይቻልም።

ሌላ ዘዴም አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ትሪ ስዋሎው የሚባለው ወፍ የራሱን ዝርያ አጠገቡ አያስደርስም፣ ብሉበርድ ጎረቤት ሲሆንበት ግን ይችለዋል። ብሉበርዱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሳጥኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በ5 ወይም በ6 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ይተከላሉ። አንዱን ስዋሎው ሲይዘው ሌሎች ስዋሎዎችን እያባረረ ሁለተኛውን ለብሉበርዱ ይጠብቅለታል፣ ሳያስበው።