ማርሚታ ስለቆረጥክ አትፈጥንም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 እየነዳ ግቢዬ ገባ። እሱ ሳይታይ ድምፁ ቀድሞ ደረሰ፤ የጎረቤቴ ውሻ አልጋ ሥር ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም። “ጋሼ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥቼ ማርሚታውን፣ ያን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ ቆረጥኩት። ካፌ ሬሰር ሆነ አይደል? አሁንማ ይበራል!” አለኝ። ባሕር ዳር ላይ ሞተር ሳይክል ስጠግን ፀጉሬ ሸብቷል፤ ይህችን “ይበራል” የምትል ቃል ግን እስካሁን አልለመድኳትም። አንዴ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ልጅ ወረቀቱን ልስጠው ብዬ ነው።

ከምሰማው ወሬ ቀላል ቀላሉን በፊት ላራግፍ።

“ካፌ ሬሰር የሞተር ብራንድ ነው።” አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ከአንዱ መንገድ ዳር ካፌ ወደ ሌላው ሲሽቀዳደሙ የየራሳቸውን ሞተር እያቀለሉ ያመጡት የአሠራር ስልት ነው። ለንደን ያለው ኤስ ካፌ ከታወቁት መሰብሰቢያዎቻቸው አንዱ ነበር፤ ምኞታቸው በሰዓት 100 ማይል፣ በእኛ 160 ኪሎ ሜትር መንካት። ትራያምፍ ከሚባለው ሞተር ሳይክል ሞተሩን አውጥተው ኖርተን የሚባለው ሌላ ሞተር ሳይክል ፍሬም ላይ ያስሩና “ትራይተን” ይሉት ነበር። ለምን ኖርተን? ኩርባ ላይ የሚታመን ፍሬም ስለነበረው። ልብ በል፣ ጩኸት ፍለጋ አይደለም።

“አጎንብሶ መንዳት ይመቻል።” ኮብልስቶን ላይ ግማሽ ሰዓት ንዳና የእጅህን አንጓ ጠይቀው።

“የመኪናም የሞተርም ዘይት ያው ዘይት ነው።” የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን (ማርሽ ስትቀይር የምትይዘው ክላች) እዚያው ሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ስለሚጨመርበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ አንተ ባለህበት ነህ። ጣሳው ላይ “ጃሶ ኤም ኤ” (JASO MA) የሚል ፈልግ፤ ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን ይሆናል ማለት ነው።

“የኋላ ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያው፣ ጌጥ ነው፣ ቁረጠው።” የሐምሌን ዝናብ ያላየ ሰው ወሬ።

“ባዶ ሰርባቶዮ፣ የቤንዚን ታንክ፣ ቢበየድ ችግር የለውም።” እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። የሚፈነዳው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ሰርባቶዮ ደግሞ ትነት የሞላበት ነው። ተለማማጅ ሳለሁ ከወር በፊት የደረቀ ነው የተባለ ሰርባቶዮ የብየዳ እሳት ሲነካው ክዳኑ ጆሮዬ ሥር አልፎ ቆርቆሮውን በሳው። ቤትህ አትበይድ፤ እጥበቱን ለሚያውቅ ባለሙያ ስጥ። የውስጥ ዝገት ብቻ ከሆነ አቼቶ ሞልተህ አንድ ቀን አሳድረው፣ ጥቂት ንጹሕ ጠጠር ጨምረህ ነቅንቅ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠብ፣ በደንብ አድርቅ። የባትሪ አሲድ የሚልህን ሰው ራቀው።

አሁን ወደ ማርሚታው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቶ፣ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን ከወደብ ከተማ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ይጎድለዋል። ከፋብሪካ 11 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ሲጂ እዚህ 9 ቢሰጥህ አመስግን። ይህንን የጎደለ ጉልበት መጋዝ አይመልሰውም።

አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚለካው በጂግለር ነው፤ መሐሏ በስሱ የተበሳች የናስ ብሎን። ፋብሪካው የቀዳዳዋን ስፋት የመረጠው በፊልትሮ ቤቱና በማርሚታው ልክ ነው። ሁለቱን ስትከፍት አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ባለበት ይቀራል፤ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ያግላል። አንተ ግን አትሰማም፤ ጩኸቱ ጆሮህን ሞልቶታል፣ ጩኸትን ደግሞ ሁሉም ሰው ፍጥነት ይመስለዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ እንዲሁ አድርጎ በጣና ዳር መንገድ ሁለት ወር ተንፈላሰሰበት። “አየህ ጋሼ፣ ምንም አልሆነም” ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ እዚህ ምንም አልሆነም። የሳሳው አየራችን ድብልቁን መልሶ ያወፍርለት ስለነበር ጉድለቱን ከፍታው ደብቆለታል። ከዚያ በጎንደር አድርጎ ወደ መተማ ወረደ። ቆላ ሲገባ አየሩ ወፈረ፣ ሙቀቱ ተጨመረ፣ መንገዱ ቀጥ ሲልለት ጋዙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። የተመለሰው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው። ስከፍተው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዝ አይጥ የቀመሰው ቂጣ ይመስል ነበር። ፊልትሮ ስላልነበረው ሲሊንደሩን አቧራው ፍቆታል፤ በጣቴ ዳስሼ ጭረቱን ቆጠርኩለት። እስከ ስድስት ቆጥሬ ተውኩት።

የግድ ክፍት ፊልትሮ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ሥራውን በሥርዓት ሥራው። የተለያየ ቁጥር ያላቸው ጂግለሮች ግዛ፤ ያለህን በመርፌ አታስፋ። ከዓባይ ድልድይ አልፈህ ወደ ዘንዘልማ፣ መንገዱ ጭር ሲል ጋዙን ከፍተህ ጥቂት ንዳ፣ ፍሪሲዮን ይዘህ እዚያው አጥፋና ካንዴላውን፣ ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ፍታ። የቡና ወተት ቀለም ከሆነ ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ አንድ ቁጥር ቀንስ። ከነጣ ሳስቷል፣ አንድ ቁጥር ጨምር። ከዚያ ቤዛዊትን ውጣበት፤ ዳገቷ ሽንገላ አታውቅም። ቆላ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ እንደገና ለካ።

ሌላው የሚያናድደኝ “ፊቱን ዝቅ ካደረግከው መንገድ ይይዛል” የሚሉት ነው። የፊት ጎማውን የያዙትን አሞርዛተሮች ከመያዣቸው ወደ ላይ ስበው አምስትና ስድስት ሴንቲሜትር ያወርዱታል። የፊት ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ መሪው ከሚዞርበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ የቢሮ ወንበር እግር ስትገፋው ጎማዋ ወደ ኋላ ዞራ እንደምትከተለው። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ያ ነው። ፊቱን ባወረድክ ቁጥር ይህ ርቀት ያጥራል፣ በፍጥነት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ስትነካው ለምን እንደሆነ ማስረዳት መቻል አለብህ።

ሥራው የሚጀመርበትን ቦታ ማንም አይጠይቀኝም እንጂ መልሱ አጭር ነው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ የቸርኬና የመሪ ኩሽኔታ፣ ሰንሰለት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ወንበርና ቀለም መጨረሻ ይመጣሉ። ከቀለም የጀመረ አንድ የሰፈራችን ልጅ አለ፤ ሰርባቶዮው እንደ መስተዋት ያበራል፣ ሞተሩ ካርቶን ውስጥ ተበትኖ ሦስት ክረምት አልፎታል፣ አዲሱ የቆዳ ወንበር ላይ ዶሮ ትታቀፍበታለች። ፍሬም የምትቆርጥ ከሆነም የሻንሲ ቁጥሩን መፍጫ እንዳይነካው፤ ሞተር ከቀየርክ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ቦሎ ልታድስ ስትሄድ “ካፌ ሬሰር ነው” ብትላቸው አይገባቸውም።

የቅዳሜውን ልጅ ሞተሩን አስጠፋሁትና ካንዴላውን ፈትቼ አሳየሁት። እንደ ኖራ ነጭ ነው። ዝም አለ። “የፊልትሮ ቤቱን አምጣው፣ እንመልሰዋለን” ስለው አንገቱን ደፋ። ለቁራሌው በሁለት ጀሪካን ቀይሮታል። ይኸው ሰኞም ማክሰኞም ቁራሌው በሰፈር ባለፈ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እየወጣሁ ጆንያውን አስፈትሻለሁ።